መልስ፦ 5ኛው፣ 9ኛውና 11ኛው ጥያቄ ከድምሩ ጋር አሉታዊ ዝምድና ያሳዩበት ምክንያት

ሦስት ጥያቄዎች ከድምሩ ጋር ለምን አሉታዊ ዝምድና እንዳሳዩ ጠይቀውኛል። በሐዋሳ ተማሪዎች ላይ በተጠቀሙበት ባለ 20 ጥያቄ የማኅበራዊ መስተጋብር ጭንቀት መለኪያ እነዚህ ሦስቱ አሉታዊ ዝምድና ያሳዩት (ማለትም የእነርሱ ነጥብ ሲጨምር የሌሎቹ ድምር የሚቀንሰው)፣ ፍርሃትን ሳይሆን መቅለልን ስለሚጠይቁና መልሳቸው ስላልተገለበጠ ነው። ለምሳሌ 5ኛው ከእኩዮች ጋር ወዳጅነት መመሥረት ይቀልል እንደሆነ ይጠይቃል።

ለመገልበጥ በሦስቱ ላይ ብቻ ተማሪው የሰጠውን ቁጥር (ከ0 «ፈጽሞ አይገልጸኝም» እስከ 4 «እጅግ ይገልጸኛል») ከ4 ይቀንሱ፤ 0 የነበረው 4፣ 1 የነበረው 3 ይሆናል። ከዚያም ድምሩንና የክሮንባክ አልፋን (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ቁጥር) እንደገና ያስሉ። የአንድ ሰው ድምር ከ0 እስከ 80 ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። አልፋው ከፍ እንዲል ብለው ጥያቄዎቹን እንዳያወጧቸው አደራ፤ ያለ እነርሱ የሚገኘው ድምር ከሌሎች ጥናቶች ድምር ጋር አይነጻጸርም።

ከገጠመኝ በመነሣት የማሳስብዎት 2ኛውን ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት ይከብድ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ መጠይቁን ሳስሞላ አንዲት ተማሪ 4 መርጣ ምክንያቷን ብጠይቃት፣ ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ብላ ያደገችበትን ሥርዓት ነገረችኝ፤ እርሷ የገለጸችውን ጨዋነት መለኪያው ግን እንደ ፍርሃት ቆጥሮባት ነበር። ስለሆነም ከ8 እስከ 10 ተማሪዎችን ለየብቻ አስቀምጠው እያንዳንዱን ቁጥር ለምን እንደመረጡ ጮክ ብለው እንዲያስረዱዎት ያድርጉ፤ ይህንም ሳያደርጉ በሌላ አገር የተወሰነ የነጥብ ወሰን ወስደው ማንንም «ማኅበራዊ ፍርሃት አለበት» ብለው አይመድቡ።