«ሰው እንዳታስቸግሪ» ብዬ የላክኋት ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ6 ዓመት ልጅሽን ትምህርት ሲዘጋ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ እናትሽ ጋ ብቻዋን ልትልኪያት አስበሻል። አንቺ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሽም። እናትሽም የልጅ ልጃቸውን በስልክ እንጂ በአካል አያውቋትም። «ልላካት ወይስ ይቅር?» ነው ያልሽው። የሰመር ካምፕ ክፍያም እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። በዚህ ማንም አይፈርድብሽም፣ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን።

እኔ ልጄን ሁለት ጊዜ ብቻዋን ልኬያታለሁ። በመጀመሪያው ተጸጽቻለሁ፣ በሁለተኛው ደስ ብሎኛል። ልጅቷ ያቺው አንዷ ናት። ስለዚህ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ምን እንደተለወጠ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው 7 ዓመቷ ሳለ ነው። ሲያትል ያለችው እህቴ ጋ ነበር የላክኋት። ቀጥታ በረራ ነው፣ ስድስት ሰዓት አይሞላም። አየር መንገዱ ብቻውን ለሚሄድ ልጅ በሚሰጠው አገልግሎት ነው የላክኋት። ቅጹን ሞላሁ፣ ተጨማሪውን ክፍያ ከፈልኩ፣ መታወቂያዬን አሳይቼ እስከ መሳፈሪያው በር አብሬያት ገባሁ። ወረቀቶቿን ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አድርገው አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። አንዷ ሆስተስ እጇን ይዛ አስገባቻት። ልንለያይ ስንል ጎንበስ ብዬ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ጨዋ ሁኚ። ሰው እንዳታስቸግሪ» አልኳት። እናቴም ሰው ቤት ስትልከኝ የምትለኝ ይህንኑ ነበር።

ማታ እህቴ ደወለች። ልጄ በሰላም ደርሳለች። ግን ልብሷ ረጥቦ ነበር። መስኮት ጋ ነው ያስቀመጧት። ከጎኗ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተኝተዋል። ሽንቷ ሲመጣ እነሱን መቀስቀስ ማስቸገር መሰላት። መጥሪያውን መጫንም ማስቸገር መሰላት። ያዘችው፣ ያዘችው፣ በመጨረሻ አመለጣት። ከዚያ ሹራቧን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለማንም ሳትናገር፣ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ዝም ብላ ተቀመጠች። የሰጧትን ብስኩት እንኳ አልነካችም። እህቴ «ለምን አልተናገርሽም?» ብትላት፣ «እማዬ አታስቸግሪ ብላኛለች» አለቻት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መጀመሪያ የተናደድኩት በአየር መንገዱ ነበር። ከዚያ የፈረምኩትን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። እነሱ የገቡልኝ ቃል ከእኔ እጅ ተቀብለው ለእህቴ እጅ ማስረከብ ነው። ይህንን አድርገዋል። በመሃል ያለው ሰዓት ግን የልጅቷ የራሷ ነው። ሆስተሶቹ አልፎ አልፎ ያዩዋታል እንጂ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። መድኃኒት አይሰጧትም፣ ምግብ አያጎርሷትም፣ «ሽንትሽ መጥቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ብዙ ወላጅ ክፍያውን ከፍሎ ሞግዚት የቀጠረ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ እኔ አሁን ዕድሜን ሁለተኛ ነው የማየው። አየር መንገዶች ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ በተለምዶ ብቻውን አይቀበሉም። አሜሪካ ውስጥ ዴልታ፣ አሜሪካንና ዩናይትድ የተባሉት አየር መንገዶች ከ5 እስከ 14 ዓመት ያለውን በዚህ አገልግሎት ነው የሚወስዱት፣ ለአንድ ጉዞ 150 ዶላር ያስከፍላሉ። ደንቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ አየር መንገድ ነው። 5 ዓመት ማለት እንግዲህ «እንቀበላለን» ማለታቸው ነው። «ልጅሽ ትችላለች» ማለታቸው አይደለም። ያንን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

እኔ የምጠይቅሽ ይህንን ነው። ልጅሽ የማታውቀውን ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሳ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ማለት ትችላለች? ሆዷን ሲያማት ላንቺ ሳይሆን ለሌላ ሰው ትናገራለች? አንድ ጊዜ ጠይቃ ካልሰሟት ደግማ ትጠይቃለች? እኛ ልጆቻችንን በጨዋ ደንብ ነው የምናሳድገው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል፣ የሰጡህን ተቀበል፣ አትለምን። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፣ አልተውኩትም። አውሮፕላን ውስጥ ብቻውን ላለ ልጅ ግን አደጋ ይሆናል። ዝም ያለ ልጅ ደህና ይመስላል። አስተናጋጆቹም «ጎበዝ ልጅ» ብለው ያልፉታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አለማመድኳት። ምግብ ቤት ስንሄድ ተጨማሪ ውኃ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። የሐበሻ ቤት ብቻ አይደለም፣ እዚያማ ሁሉም እናትና አባቷ ነው። መጀመሪያ ድምጿ አይሰማም ነበር። አስተናጋጁ ሳይሰማት ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። ከባድ ነበር፣ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ አባቷ ሶፋ ላይ የተኛ መስሎ ይጋደማል፣ እሷ ቀስቅሳው ታልፋለች። የአውሮፕላን ሽንት ቤት በር እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚቆለፍ አብረን ስንበር አሳየኋት። የመቀመጫ ቀበቶውንም ራሷ ፈታችው። 9 ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ ስልካት ጆሮዋ ላይ ያልኳት ሌላ ነበር። «የፈለግሽውን ጠይቂ። የነሱ ሥራ አንቺን መርዳት ነው። አታስቸግሪም» አልኳት። ስትደርስ ለእናቴ መጀመሪያ የነገረቻት ሦስት ጊዜ ጭማቂ እንደጠየቀች ነው።

የ6 ዓመቷን ልጅሽን ሳላያት ልፈርድ አልችልም። ግን ካንቺ ተለይታ ሌላ ቤት አድራ የማታውቅ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ዘንድሮ አልልካትም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታው በረራ እንኳ 13 ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሌሊት አየር ላይ ታድራለች ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት በሚወስድ አጭር በረራ ዘመድ ጋ ሞክሪያት። ትራንዚት ባለበት በረራ ግን በጭራሽ። ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም አይሆንም። ልጅ የሚጠፋውና የሚሳሳተው በመቀባበሉ ላይ ነው። በ2023 ታኅሣሥ፣ በፈረንጆቹ የገና ሰሞን፣ ከፊላዴልፊያ ፎርት ማየርስ አያቱ ጋ የሚሄድ የ6 ዓመት ልጅ በስህተት ኦርላንዶ በሚሄድ አውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር። አያቱ ልትቀበለው ወጥታ እየጠበቀች ልጁ የለም። ያ ቀጥታ በረራ ሆኖ ነው። ትራንዚት ሲኖር ደግሞ ልጅሽ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የምታልፍበት ቦታ እጥፍ ይሆናል።

ለመላክ ከወሰንሽ፣ ወረቀቱ ላይ የኛ ሰዎች የሚቸገሩባቸውን ልንገርሽ።

አንደኛው ስም ነው። ልጅሽ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፣ አንቺ በአባትሽ። በፓስፖርት ስትታዩ እናትና ልጅ አትመስሉም። የልደት ወረቀቷን ያዥ። ሁለታችሁም ወላጆች የፈረማችሁበት፣ በኖተሪ የጸደቀ የፈቃድ ደብዳቤ ከፓስፖርቷ ጋር ይሁን። እናትሽንም አስቢ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በአንድ ስም፣ መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ቅጹ ላይ የምትጽፊው መታወቂያቸው ላይ ያለውን ነው፣ ፊደሉ ሳይቀር። የመታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም አስልኪና እሱን እያየሽ ጻፊ። ልጅቷን የሚያስረክቧት ስሙ ለተጻፈው ሰው ብቻ ነው። እናትሽ አሟቸው አጎቷ ቢመጣ አይሰጡትም። ስለዚህ ሁለተኛ ተቀባይ ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ ለምሳሌ 7:30 ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሰባት ሰዓት ተኩል ሲባል የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። «ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል» ብለሽ በእኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው። ቀኑንም እንዲሁ፣ በሚቀጥለው ቀን እንደምትደርስ፣ ሐምሌ ስንት እንደሆነ። ከዚያ መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ። እኔ እናቴን ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ፣ ትንሽ ተቀይማኛለች፣ ግን ጎህ ሳይቀድ ቦሌ ነበረች።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ካላወጣሽላት ደግሞ የቪዛውን ነገር ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው።

አንዳንዶች «ለሚሄድ ሰው በአደራ ስጫት» ብለውሻል። እኔም ልጄ ትንሽ ሳለች ብትሆን ኖሮ ያንን እመርጥ ነበር። ግን አደራ ሲባል ሰውየውን ልጅቷ ማወቅ አለባት። ቤትሽ መጥቶ አብሯችሁ የበላ፣ ስሙን የምትጠራው ሰው። ትኬታቸው አንድ ላይ ይቆረጥ፣ መቀመጫቸው ጎን ለጎን ይሁን፣ ደብዳቤው ላይ ስሙ ይጻፍ። ድንበር ላይ «ይህች ልጅ የማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው እሱ ነው። ቼክ ኢን ሰልፍ ላይ ላገኙት አበሻ «ወንድሜ፣ ዓይንህን ጣል አድርግባት» ብለው ልጅ የሚሰጡ አይቻለሁ። ሻንጣ እንኳ እንዲያ አይሰጥም። እባክሽ አታድርጊው።

መመለሻውንም አሁን አስቢበት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲመለስ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። በመመለሻው ልጄን የላከቻት እናቴ ስለነበረች ይህንን የምትነግራት እሷ ነበረች። «መጀመሪያ ሲያርፍ ቤትሽ አይደለም። ሰው ቢወርድም አንቺ እንዳትነሺ። ሆስተሷ ስትመጣልሽ ብቻ ተነሺ» ብላ አስጠናቻት። ልጄ እስክትደርስ በጣቷ ትቆጥር ነበር፣ አንድ ማረፍ፣ ሁለት ማረፍ።

እሷን ራሷንም ጠይቂያት፣ ዝም ብላ ራሷን ስትነቀንቅ እሺ ማለቷ ነው ብለሽ ግን አትለፊው። አያቷን በስልክ አይታ የምትሸሽ ልጅ፣ ደርሳ ሁለት ወር አብራቸው መኖር ይከብዳታል። ከአሁን ጀምሮ በየቀኑ በቪዲዮ ይተያዩ። የፈቃድ ደብዳቤውን አጻጻፍ ከፈለግሽ ጻፊልኝና የኔን፣ ስሞቹን አጥፍቼ፣ እልክልሻለሁ።