ቴስቱ «ተሳክቷል» ይላል፣ ኢንቮይሱ ግን አይሄድም፦ የኦዱ 16 የወጪ ኢሜይል

ጥያቄውን አሁን ለሚገቡ ላሳጥረው። ድሬ፣ ከዚራ ያለ የትራንዚት ቢሮ ነው። ኦዱ 16 ኮሚዩኒቲ (የሂሳብና የቢሮ ሥራ ሶፍትዌር፣ ነፃው ዓይነት) ቢሮው ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ ኢሜይሉ ከዶሜይኑ (ከአት ምልክቱ በኋላ ከሚመጣው የድርጅቱ ስም) ጋር የተገዛ የሆስቲንግ ኢሜይል ነው፤ ኦዱ የሚልከው «ኢንፎ» በሚለው አካውንት ገብቶ ነው። «ቴስት ኮኔክሽን» ሲጫን አረንጓዴ ይመጣል፣ ጠያቂው ማናጀር ራሱ ሲልክ ይሄዳል፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ጅቡቲ ላለ ደንበኛ ኢንቮይስ ስትልክ ግን የኢሜይል ሰርቨሩ 553 የሚል የስህተት ቁጥር ሰጥቶ ይመልሰዋል። እስካሁን የተሰጡት መልሶች በሙሉ «ፖርቱን (ኢሜይሉ የሚወጣበትን የበር ቁጥር) ቀይረው» ይላሉ።

ፖርቱን አትንካው። (ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛምና አንተ እያልኩ ልቀጥል።) ፖርቱ ችግር ቢኖርበት ያንተም ባልሄደ ነበር። መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ «ሰንደር አድሬስ ሪጀክትድ፣ ኖት ኦውንድ ባይ ዩዘር» ይላል። የኢሜይል ሰርቨሩ «በኢንፎ አካውንት ገብተህ በሌላ ሰው አድራሻ አትላክ» እያለህ ነው። ኦዱ ኢሜይል ሲልክ «ፍሮም» ላይ የሚያስገባው የላኪውን ተጠቃሚ አድራሻ ነው። የሠራተኛዋ ፕሮፋይል ላይ የግል ጂሜይሏ ተጽፎ ይሆናል፣ ያንተ ላይ ደግሞ ኢንፎ። ቴስቱም ቁልፉን የተጫነውን ሰው አድራሻ ብቻ ስለሚሞክር አንተ ስትጫነው ሁሌም ያልፋል።

መፍትሔው የሁሉም ሰው ኢሜይል በአንድ አድራሻ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ታች ወርደህ ዴቨሎፐር ሞድን አብራ። ከዚያ ቴክኒካል፣ አውትጎይንግ ሜይል ሰርቨርስ፣ ያለውን ክፈት። «ፍሮም ፊልተሪንግ» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ የኢንፎን ሙሉ አድራሻ ጻፍ። ዶሜይኑን ብቻ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ እንደ ያንተ ባለ ጥብቅ የኢሜይል ሰርቨር ላይ አይሆንም። ዶሜይኑ ብቻ ሲሆን ኦዱ በፖስታው ላኪ ቦታ (ሰርቨሩ በሚያየው የላኪ መስመር) «ባውንስ» የሚል፣ ያልደረሰ ኢሜይል የሚመለስበት አድራሻ ሊያስገባ ይችላል፤ ያ አካውንት ስለሌለህ ያው 553 ተመልሶ ይመጣል።

ቀጥሎ ቴክኒካል ውስጥ ሲስተም ፓራሜተርስ ግባ። «ሜይል ዶት ዲፎልት ዶት ፍሮም» የሚለውን ፈልገህ ኢንፎ አድርገው፣ ከአት ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ። «ሜይል ዶት ካችኦል ዶት ዶሜይን» ላይ ደግሞ ዶሜይንህን አስገባ። አሁን ሠራተኛዋ ስትልክ ደንበኛው የሚያየው የእሷን ስም ነው፣ ከስሙ ጀርባ ያለው አድራሻ ግን ኢንፎ ይሆናል። ኦዱ 17 እና ከዚያ በላይ ላይ እነዚህ ሁለቱ «አሊያስ ዶሜይን» ወደሚባል ቦታ ስለተዛወሩ እዚያ ፈልጋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የካችኦል ዶሜይኑን ካስገባህ በኋላ ደንበኛው «ሪፕላይ» ሲል መልሱ የሚሄደው ካችኦል ወደሚባል፣ መልሶችን ወደሚሰበስብ አድራሻ ነው። እሱን ካልፈጠርክ የጅቡቲው ሰውዬ «ክፍያውን ልኬያለሁ» ብሎ የጻፈው ወይ ተመልሶበት ይቀራል ወይ የትም አይታይም። የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ ካችኦል የሚል ፎርዋርደር (ኢሜይል የሚያስተላልፍ አድራሻ) ክፈትና ወደምታነበው ሳጥን አዙረው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

553 ሳይሆን ሌላ ነገር ለሚያዩ፦ ፖርት 587 ከስታርት-ቲኤልኤስ ጋር፣ ፖርት 465 ከኤስኤስኤል ጋር ነው የሚሄደው (ሁለቱም ግንኙነቱን የማመስጠሪያ ዓይነቶች ናቸው)። 465 ላይ ስታርት-ቲኤልኤስ ከመረጣችሁ ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ይላል፤ 587 ላይ ኤስኤስኤል ከመረጣችሁ «ሮንግ ቨርዥን ነምበር» ይላል። 535 የይለፍ ቃል ነው። በጂሜይል የምትልኩ ከሆነ የተለመደው የይለፍ ቃል አይሠራም፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ ባለ 16 ፊደል «አፕ ፓስወርድ» ማውጣት አንዱ መንገድ ነው። ተራ ጂሜይል በቀን 500 አካባቢ ላይ እንደሚቆምም እወቁ። ፖርት 25ን እርሱት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኢሜይሉ ሄዶ ስፓም ውስጥ ከገባ ነገሩ ኦዱ ውስጥ አይደለም፣ ዲኤንኤስ (የዶሜይንህ መዝገቦች የሚቀመጡበት) ውስጥ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር) ወይም ዲኪም (የኢሜይሉ ዲጂታል ፊርማ) ይፈልጋል፤ ሁለቱንም አድርግ። የኤስፒኤፍ መዝገብ በዶሜይን አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሆስቲንጉ አንድ አስገብቶ፣ ሌላ ባለሙያ ለጉግል ሁለተኛ ከጨመረ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ አንዱ ውስጥ አዋህዳቸው። ለማረጋገጥ ወደ ራስህ ጂሜይል አንድ ኢንቮይስ ላክና ሦስቱን ነጥብ ነክተህ «ሾው ኦሪጅናል» በለው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ (ሁለቱ ከላኪው ዶሜይን ጋር መግጠማቸውን የሚያየው) ከላይ ይታያሉ፤ አጠገባቸው «ፓስ» ካላየህ ምክንያቱ እዚያው ነው።

የቢሮ ሰርቨር ስላለህ ሰዓቱንም እይ። በጅምላ የተላኩ ኢንቮይሶች ወዲያው አይወጡም፣ ወረፋ ይገባሉ፤ ወረፋውን የሚያስኬደው «ኢሜይል ኪው ማኔጀር» የሚባል የታቀደ ሥራ በየሰዓቱ ነው የሚነሳው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ (ሲአር 2032፣ ክቧ) ሞታ ከሆነ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ኢንተርኔቱ እስኪመጣና ሰዓቱ እስኪስተካከል ኦዱ «ቀጣዩ ጊዜ ገና ነው» ብሎ ይጠብቃል፣ ኢሜይሎቹም «አውትጎይንግ» እንደተባሉ ይከመራሉ። ሰርቨሩ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል» የሚለውን የሊኑክስ ትእዛዝ ጽፈህ ሰዓቱን አይተህ አስተካክል፣ ባትሪዋንም ቀይራት። «ዴሊቨሪ ፌይልድ» የሆኑት ግን በራሳቸው አይሞከሩም፤ ቴክኒካል፣ ኢሜይልስ ገብተህ «ፌይለር ሪዝን»ን አንብብና «ሪትራይ» በል። ከዝርዝሩ የጠፋ ኢሜይል አያስደንግጥህ፣ አብዛኛው ከተላከ በኋላ ይሰረዛል።

የትራንዚት ሰነድ ስካን ሲሆን ይከብዳል። ጂሜይል 25 ሜጋባይት ይላል እንጂ አባሪው ለጉዞ ሲቀየር በሲሶ ገደማ ስለሚያብጥ ከ18 በላይ አትሞክር።

ጅቡቲ ያለው ደንበኛህ ኢንቮይሱ ደርሶት «ሊንኩ አይከፈትም» ካለህ ደግሞ ሲስተም ፓራሜተርስ ውስጥ «ዌብ ዶት ቤዝ ዶት ዩአርኤል»ን ተመልከት። አድሚኑ በቢሮ ውስጥ አድራሻ፣ በ192.168 በሚጀምረው፣ ሲገባ ኦዱ ያንን ይመዘግብና ለውጭ ሰውም እሱን ይልካል። ትክክለኛውን የውጭ አድራሻ አስገባ፤ ከዚያ «ዌብ ዶት ቤዝ ዶት ዩአርኤል ዶት ፍሪዝ» የሚል አዲስ ፓራሜተር ጨምረህ ዋጋውን «ትሩ» አድርገው፣ ያለዚያ ነገ ተመልሶ ይቀየራል። ስትሞክረው የቢሮውን ዋይፋይ አጥፍተህ በሞባይል ዳታ ክፈተው።