የልጆቹ ሞርታዴላ፣ የቅዳሜው ጥብስ እና የአንጀት ካንሰር

የጤና ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ሁሉም ስለ ሥጋና ስለ ካንሰር ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ። ጠዋት ስለምጣደፍ ለትምህርት ቤት የማስይዛቸው ዳቦ በሞርታዴላ ነው፤ በሳምንት አምስቱንም ቀን። ጎረቤቴ «እሱ እኮ ከሲጋራ እኩል ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። እውነት ነው ወይ?
የልጆች እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጎረቤትዎ ያሉት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን ግማሹ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ10 አገሮች የተውጣጡ 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶችን አስመርምሮ ነበር፤ ውጤቱን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፣ ሶሴጅ፣ የቆርቆሮ ሥጋና የመሳሰሉት የተቀነባበሩ ሥጋዎች ትንባሆ ባለበት በአንደኛው ምድብ ውስጥ ገቡ። ምድቡ የሚናገረው ግን «ካንሰር እንደሚያመጣ ምን ያህል ተረጋግጧል» የሚለውን ብቻ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ አይናገርም። በዓለም ላይ በየዓመቱ በትንባሆ ምክንያት በካንሰር የሚሞተው ሰው 1 ሚሊዮን ገደማ፣ በአልኮል 600,000 ገደማ፣ የተቀነባበረ ሥጋ ከሚበዛበት አመጋገብ የተነሣ ደግሞ 34,000 ገደማ እንደሆነ በዚያው ጊዜ ተገምቷል። እኩል አይደሉም።

ይህ ማለት ግን ይቀጥሉበት ማለት አይደለም። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከማይበላው በ18 በመቶ ይጨምራል። ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት እንዳይመስልዎ። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ሰው 50ውን በዕድሜ ዘመኑ ይህ ካንሰር ያገኘው ነበር እንበል፤ ሁሉም በየቀኑ 50 ግራም ቢበሉ ቁጥሩ ወደ 59 ይወጣል። 50 ግራም ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሞርታዴላ ወይም አንድ የሆትዶግ ሶሴጅ ይሞላዋል። የእርስዎ ልጆች ዳቦ ውስጥ የሚገባው ይኸው ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል። ፋብሪካው ሥጋው ሮዝ መልኩን እንዳያጣና ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ እንዳያድግበት ናይትራይት የተባለ ጨው ይጨምርበታል። ናይትራይቱ ሆድ ውስጥ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ናይትሮሶ የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ የአንጀትን ግድግዳ ሴሎች ዘረ መል የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሞርታዴላውንና ሶሴጁን በዘይት ማቃጠል ደግሞ ገና መጥበሻው ላይ ሳለ እነዚህኑ ውሁዶች ይጨምራል። ስለዚህ «ጠብሼ ባበላቸው ጀርሙ ይሞታል» ብለው ከሆነ፣ በዚህ በኩል አይጠቅምም።

ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፤ የየቀኑን ሞርታዴላ ይተዉት። በልደት ቀን ወይም በወር አንዴ ቢቀምሱት የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ችግሩ ያለው በልማዱ ላይ ነው። በምትኩ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሎሚ የተጨመቀበት አቮካዶ፣ ወይም ጠዋት ለቤተሰቡ ከተሠራው ፉል ወፈር ተደርጎ ዳቦ ውስጥ ይግባላቸው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ነገር አይዘንጉ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ሥጋ፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና ፉል ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። ምሳቸው እስከ ስድስት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ የለውዝ ቅቤው ይበልጥ ያስተማምናል። ሞርታዴላውም ቢሆን በዚያ ሙቀት የሚበላሽ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የምንገዛው የዶሮ ሞርታዴላ ነው፤ ሃላልም ነው። እሱም ያው ነው?
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ያው ነው። ሃላልነቱ ስለ እርዱ ይናገራል እንጂ ስለ ማቆያው ጨው አይናገርም። ትኩስ የዶሮ ሥጋ ቀይ ሥጋ አይባልም፤ ናይትራይት ገብቶበት ሞርታዴላ ሲሆን ግን ከተቀነባበሩት ይቆጠራል። ማሸጊያው ላይ «ሶዲየም ናይትራይት» የሚል ወይም «ኢ» ከሚለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ 249፣ 250፣ 251፣ 252 ከሚሉት ቁጥሮች አንዱ ካለ፣ የተናገርነው ጨው ወይም የቅርብ ዘመዱ ናይትሬት ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ለሁለት አንድ ኪሎ ጥብስ እናዛለን፤ አንዳንዴ በሸክላ፣ አንዳንዴ ዝልዝሉን በከሰል ፍም ላይ። የተቃጠለ ነገር ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። ወደ ጥሬ ሥጋ ብዞር ይሻል ይሆን?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። ቀይ ሥጋ በሁለተኛው ምድብ «ሀ» ውስጥ ነው ያለው፤ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ማለት ነው። ማስረጃው እንደ ሞርታዴላው የተዘጋ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ እንዳይታለፍ ነው። 500 ግራም የበሰለ ሥጋ የሚወጣው አጥንት ከሌለበት 700 ግራም ገደማ ጥሬ ሥጋ ነው። እናንተ ለሁለት አንድ ኪሎ ስታዙ ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው 350 ግራም የበሰለ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሲደመር 700 ይሆናል። በሳምንቱ መሀል የሚበሉት ወጥ ገና አልተቆጠረም። ለሁለት ግማሽ ኪሎ ብታዙና ጎኑ ላይ ሰላጣና ጎመን ቢጨመር፣ በሁለቱ ቀን ድርሻዎ 350 ላይ ይቆማል።

ጿሚ ከሆኑ በዓመት ውስጥ ሥጋ የማይበሉበት ጊዜ ረጅም ስለሆነ የዓመቱ ድምር ዝቅ ይላል። የፋሲካ ወይም የአረፋ ሳምንት ከወትሮው በዛ ቢልም አንጀት የሚጎዳው ለዓመታት በሚደጋገም ልማድ ነውና በበዓሉ አይሸማቀቁ።

አሁን ወደ እሳቱ። ጉዳት የሚያመጡት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው ጮማው ቀልጦ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጭስ ነው። ጭሱ ተመልሶ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ፖሊሳይክሊክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ይቀባዋል። በዚህ በኩል ሸክላ ከፍርግርግ ይሻላል፤ ጮማው ፍሙን አያገኘውምና። ሁለተኛው ሥጋው ራሱ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲግል ውስጡ የሚፈጠረው ሄትሮሳይክሊክ አሚን ነው። ይህኛው በሸክላም ይመጣል፤ ሥጋው ክው ብሎ ደርቆ እስኪጠቁር ከተተወ በተለይ።

ዝልዝሉን በፍም ካልበላሁ የሚል ሰው እንዲህ ያድርግ። ሥጋው እኩል ውፍረት ይኑረው፤ አለዚያ ወፍራሙ እስኪበስል ስሱ ያራል። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ጮማ ይነሣለት። በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በተከተፈ የጥብስ ቅጠል ታሽቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። የጥብስ ቅጠል ለሽታው ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የአሚኖቹን መፈጠር እንደሚቀንሱ በሙከራ ታይቷል፤ እናቶቻችን ሳይነገራቸው ትክክል ነበሩ። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ላዩን አመድ እስኪለብስ ይጠበቅ። ከዚያ በየደቂቃው ይገላበጥ፤ አንዱን ጎን አሳርሮ ሌላውን ማዞር አሚኑን የሚያበዛው ዋናው ስሕተት ነው። የጠቆረው ተቆርጦ ይጣል። የጠቆረችዋ ጠርዝ ለብዙ ሰው የጥብስ ለዛ እንደሆነች እናውቃለን፤ ቢሆንም ትቅርብዎ።

ከሁሉም የሚሻለው ወጥ ነው። ውሃ እስካለበት ድረስ ድስቱ ከውሃው መፍያ አያልፍም፤ ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሚን ለመፍጠር ከሚያስፈልገው ሙቀት በጣም የራቀ ነው። ቅቅልም እንደዚሁ።

ጥሬ ሥጋውን በተመለከተ፦ ከቃጠሎው ይገላገላሉ፤ ከሂም ግን አይገላገሉም። ሂም ሥጋን ቀይ የሚያደርገው ብረት ያለበት ንጥረ ነገር ሲሆን አንጀት ውስጥ እነዚያኑ ናይትሮሶ ውሁዶች እንዲፈጠሩ ያግዛል፤ በጥሬውም በበሰለውም ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ኮሶና ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይጨመራሉ። ሎሚ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ የኮሶን እጭ አይገድሉም። አረቄና ቢራ ደግሞ ራሳቸው የአንጀት ካንሰር ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው፤ ከጥብሱ ጎን ያለውን ብርጭቆም አብረው ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቋንጣ አይጠፋም። የግመል ሥጋም እናዘወትራለን፤ ጮማ ስለሌለው ጉዳት የለውም ይባላል። ምን ትላላችሁ?
ከጀጎል፣ ሐረር

መልስ፦ የግመል ሥጋ ጮማው አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የጡት አጥቢ እንስሳ ሥጋ ሁሉ ቀይ ሥጋ ነው፤ ሂሙ በጮማው ሳይሆን በቀዩ ውስጥ ነው ያለው። በሳምንቱ ልክ ውስጥ ከበሬው፣ ከበጉና ከፍየሉ ጋር ይደመር።

ቋንጣ መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። በጨው ታሽቶ የደረቀ ስለሆነ ኤጀንሲው ለተቀነባበረ ሥጋ በሰጠው ትርጉም ውስጥ ይገባል፤ የደቡብ አፍሪካው ቢልቶንግ በስሙ ተጠርቷል። የቤት ቋንጣ ናይትራይት አይገባበትም፤ ይህ ከሞርታዴላው ይለየዋል። ጨዉ ግን ብዙ ነው፤ በጨው የተጠበቁ ምግቦች ደግሞ ከጨጓራ ካንሰር ጋር ይያያዛሉ። መጠኑም ያታልላል፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲደርቅ ወደ ሲሶው ስለሚወርድ 50 ግራም ቋንጣ 150 ግራም ያህል ጥሬ ሥጋ ነው። ሲያዘጋጁ ስስ አድርገው ይዘልዝሉት፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይሻግታል። የሻገተ ቋንጣ ተጠርጎ አይበላም፤ ይጣላል። ማገዶ ከሚጨስበት ወጥ ቤት ርቆ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀል። ለፍርፍር ሲፈልጉት በለብ ያለ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ውሃውን ይድፉና ወጡ ላይ ሌላ ጨው አይጨምሩ። በሳምንት አንዴ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ። ባለቤቴ ካንሰር ፈርቶ ሥጋ እንድተው ይፈልጋል።
ከሸዋ በር፣ ሐረር

መልስ፦ አይተዉ። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከእህል ብረት በተሻለ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ በደንብ የበሰለ ሥጋ ለእርስዎም ለጽንሱም ይበጃል። ምስርና ሽሮውን ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ይብሉ፤ ቡናና ሻይን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያርቁ። የታዘዘልዎትን የብረት ክኒን ሥጋ አይተካውምና አያቋርጡ። ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልን፤ የጤፍ እንጀራ ከነቅርፊቱ የተፈጨ እህል ነው፤ በቀን 90 ግራም እንዲህ ያለ እህል መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ17 በመቶ እንደሚቀንስ ተሰልቷል።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ስጸዳዳ አልፎ አልፎ ደም ይታየኛል። ኪንታሮት ነው ተብዬ የባህል መድኃኒት ስቀባ ቆየሁ። አባቴ በአንጀት ካንሰር ነው ያረፉት። አሁን ሥጋ ባቆም ይበቃኛል?
ከሐረር

መልስ፦ አይበቃዎትም፤ ይህን ደብዳቤ ከሁሉ አስበልጠን ያሰብንበት ስለሆነ እባክዎ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ግን በመገመት አይታወቅም። ኪንታሮትና ካንሰር በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፤ አንዱ ስለተገኘ ሌላው የለም ማለት አይደለም። ከደሙ ሌላ ለሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ተጸዳድተው ያልጨረሱ መስሎ መሰማት፣ ምክንያት የሌለው ክሳትና ድካም ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። በተለመደው የሰገራ ምርመራ የሚፈለገው አሜባ፣ ጃርዲያና ትላትል ነው። «ሰገራዬ ተመርምሮ ምንም የለም ተባልኩ» ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በጣት እንዲመረምርዎ ይፍቀዱ፤ ያሳፍራል ብለው አይለፉት። ደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን መጠንዎን ያስለኩ። ከዚያም ስለ ኮሎኖስኮፒ ይጠይቁ፤ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ምርመራ ነው። ገና ካንሰር ያልሆነ እባጭ ከተገኘም እዚያው ሊነሣ ይችላል።

ምርመራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዝግጅቱ ነው። በዋዜማው የሚታዘዘውን ፈሳሽ ምግብና የማጠቢያ መድኃኒት እስከ መጨረሻው ካልወሰዱ አንጀቱ አይጠራም፤ ዳግም መመለስ ይመጣል። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አንጀቱን ስለሚያጠቁር ከሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ደግሞ ራስዎ ሳያቆሙ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወንድምና እህት ካለዎት እነሱም ምንም ሕመም ባይሰማቸው ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ፣ ወይም አባታችሁ ሲታመሙ ከነበሩበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ የሚቀድመውን መርጠው ይመርመሩ። አባታችሁ በሽታው በስንት ዓመታቸው እንደታወቀ ከቤተሰቡ የሚያስታውስ ካለ አጣርተው ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።