ወደ ዮክሞክ ገበያ ለምትሄዱ ወገኖቼ

በስካንዲኔቪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥምቀትን ካከበርን በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ከሥራና ከቤት በቀር ሌላ ቦታ የማንታይ ሰዎች ነን፤ ብርዱ ምክንያት ይሆነናል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርሁ። ዛሬ ግን ዕረፍት የምታገኙ ሁሉ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ከመጀመሪያው ሐሙስ እስከ ቅዳሜ በሚውለው የዮክሞክ ገበያ እንድትገኙ እመክራለሁ።

ዮክሞክ በሰሜን ስዊድን ከአርክቲክ ክበብ ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ነዋሪዋ 3,000 የማይሞላ ከተማ ስትሆን፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ምድር ለተዘረጋው የሳሚ ሕዝብ አገር፣ ለሳፕሚ፣ እንደ አንድ ማዕከል ናት። ገበያው ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1605 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ንጉሥ ካርል 9ኛ በሰሜኑ ቋሚ ገበያ እንዲኖር የፈለጉት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውን ሕዝብ አንድ ቦታ አግኝተው ግብር ለማስከፈልና ስብከት ለማሰማት ነበር። ሳሚዎቹ ለግብር የተጠሩበትን ቀን የዘመድ መገናኛና የንግድ ቀን አድርገው አራት መቶ ዓመት አለፉበት።

ማደሪያ ከብዙ ወራት በፊት ያዙ፤ በዚያች ትንሽ ከተማ በሦስት ቀን ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገባባታል። ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር ተጉዞ ሙርዬክ ላይ ወርዶ በአውቶቡስ መቀጠል ይቻላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ከውስጥ ሱፍ ልበሱ እንጂ በጂንስ ሱሪና በጥጥ ካልሲ አትመኑ፤ ስልካችሁንም በውስጥ ኪሳችሁ ያዙት፣ አለዚያ ባትሪው እጃችሁ ላይ ይሞታል።

ከገበያው በፊት ግን አይቴ ወደሚባለው ሙዚየም ግቡ። ስሙ በሉሌ ሳሚ ቋንቋ ጎተራ ማለት ነው። የሳሚዎች ከበሮ በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት ትእዛዝ ሲወሰድና ሲቃጠል እንደነበረ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. ኡፕሳላ ላይ የተቋቋመው የዘር ጥናት ተቋምም የራስ ቅላቸውን ይለካ እንደነበረ የተረዳ ሰው፣ ወደ ገበያው ሲወጣ ሌላ ዓይን ይኖረዋል። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ የጠየቀችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ሳሚዎች በሌሎች ይጠሩበት የነበረውን «ላፕ» የሚለውን ቃል ከአንደበታችሁ አታውጡ፤ ስድብ ነውና። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ፈላሻ» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው ለምናውቅ ሰዎች ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ጋክቲ የሚባለው ባለ ቀለም ልብሳቸውም የቱሪስት ማሳያ አይደለም፤ ጥለቱና አቆራረጡ ለባሹ ከየት አካባቢና ከማን ወገን እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡ። ላሊበላ ላይ የሚጸልይ ካህን ፊት ካሜራ የሚደቅነውን ጎብኚ ስንት ጊዜ አምተነዋል! እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጉዞዬ፣ ሬንዲር የተባለውን የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረባ አንድ ሽማግሌ «ስንት አለዎት?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና «አንተስ ባንክ ውስጥ ስንት አለህ?» አለኝ። የእኛም አርብቶ አደር የከብቱን ቁጥር ለመንገደኛ እንደማይናገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ዘገየ እንጂ።

ዮይክ የተባለውን ዜማቸውን ስትሰሙ ስለ ምን እንደሚዘፈን አትጠይቁ። ዮይክ ስለ ሰው አይዘፈንም፤ ሰውየውን ራሱን በድምፅ ያቀርበዋል እንጂ፤ ባለቤቱም ያወጣው ሳይሆን የወጣለት ሰው ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው የሚለውን የፈረስ ስም ልማዳችንን አስቡት፤ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ለዘመድ ቤት ስጦታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ «ሳሚ ዱዎጂ» የሚል ምልክት ያለበትን የእጅ ሥራ ፈልጉ። ከበርች እንጨት ጉጥ የተፈለፈለ ጉክሲ የተባለ ጽዋ ዋጋው ያስደነግጣል፤ ሆኖም በፋብሪካ ተሠርቶ በሳሚ ስም ከሚሸጠው ርካሽ ዕቃ አሥር ይልቅ አንዱን ትክክለኛ መግዛት ይሻላል።

ስለ ምግቡ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ፦ ሬንዲር ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ አስቸጋሪው ጥያቄ ማን እንደባረከው ነውና እሱን እያንዳንዱ ከኅሊናው ጋር ይነጋገርበት። ሳሚዎች እንደ እኛ ቡና ወዳጅ ናቸው፤ በስኒው ውስጥ የቺዝ ቁራጭ ጨምረው ሲለሰልስ በማንኪያ ያወጡታል። ቡናን በጨው ወይም በቅቤ የሚጠጣ አገር ሰው በዚህ አይደነቅም። የገበያው ሁለተኛ ቀን ዓርብ ስለሆነ ግን ጾመኞች ባዶውን ቡና ጠጡ፤ ቺዙ ለቅዳሜ ይደርሳል።