ጓንቱን አውልቆ ይወረውራል፤ አማቴ እኔን ይቆጣሉ

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት እናት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ካገባሁ ወዲህ የምንኖረው ሐረር፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። ልጃችን 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባጃጅ ሕፃናት ማቆያ አድርሼው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋቱ በጣም ይበርዳል። አማቴ በኪሮሽ የሠሩለት ጓንት አለው፤ ጣት የለውም፣ እንደ ከረጢት ነው። ልጁ ገና ሲያየው "እምቢ!" ይላል። ባደርግለትም በጥርሱ ጎትቶ ያወልቅና ይወረውረዋል። አማቴ "የድሬ ሰው ብርድ አታውቂም፤ ልጁን ብርድ ልታስመቺው ነው" ይሉኛል። እሳቸው ድሮ አንድ ልጅ በሳንባ ምች ሞቶባቸዋል። ባለቤቴ ዝም ነው። ባለፈው ሳምንት ጓንቱን አንጓው ላይ በክር አሰርኩበት። እስኪያስመልሰው ድረስ አለቀሰ። ተናድጄ እጁን መታሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ጠልቻለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጓንት የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው «አንድ ልጅ በሳንባ ምች ሞቶባቸዋል» ያልሽው ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ልጁ እናውራ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁለት ሦስት ቃል ይገጣጥማል። የቀረውን የሚናገረው በጣቱ ነው። ነገ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ልብ ብለሽ እዪው። እንጨት የተጫነች አህያ ስታልፍ ጣቱን ይቀስራል። ዞር ብሎ አንቺን ያያል። አንቺ «አህያ!» ስትይው ፊቱ ይበራል። ያኔ ቃሉን ተማረ። ጠያቂው ጣቱ ነበር፣ መላሿ አንቺ። አሁን ያንን እጅ ከረጢት ውስጥ አስገቢው። አህያዋ አልፋ ትሄዳለች፣ እሱ ምንም ማለት አይችልም። ዳቦውን መያዝ አይችልም። አፍንጫው ቢበላው ማከክ አይችልም። በጥርሱ ቢጎትተው አይገርመኝም።

«እምቢ» ማለቱም አያስደንግጥሽ። ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ዕድሜ ልጅ «እኔ ራሴ» ማለትን የሚማርበት ጊዜ አድርጎ ነው ያስረዳው። በዚህ ጊዜ ልጁ አንዳንድ ነገር ላይ የመወሰን ዕድል ካገኘ በራሱ መተማመን ይጀምራል። ሁልጊዜ በጉልበት ከተሸነፈና ከተቀጣ ግን ኃፍረትና ጥርጣሬ ይጫነዋል። ስለዚህ ልጅሽ ባለጌ አልሆነም፤ እያደገ ነው። ይህ ሲባል ግን ያለውን ሁሉ አድርጊ ማለቴ አይደለም።

ብርዱን ደግሞ በልኩ እንየው። አማትሽ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያ ስትደርሺ አየሩ ሌላ መሆኑን ሰውነትሽ ያውቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱና ማለዳው ይቀዘቅዛል። ግን ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ሲሆን ሁሉም ሹራቡን ያወልቃል። ስለዚህ አንቺን ያስጨነቀሽ የባጃጁ መንገድ ብቻ ነው። ለዚያ አጭር መንገድ ደግሞ ጭንሽ አለ፣ ጋቢ አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርገሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጪው። ጋቢውን ከትከሻሽ አዙረሽ ሁለታችሁንም ሸፍኚ። ባጃጁ የጎን ሸራ ካለው ሾፌሩን እንዲያወርደው ጠይቂው። ልጁ ሲፈልግ እጁን ያወጣል፣ ይጠቁማል፣ ሲበርደው ይመልሳል።

የልጅ እጅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይህ ብቻውን በርዶታል ማለት አይደለም። ሰውነት በብርድ ጊዜ ሙቀቱን ለደረትና ለሆድ ስለሚያስቀድም እጅና እግር ወደ ኋላ ይቀራሉ። ማወቅ ከፈለግሽ እጅሽን ማጅራቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ አድርጊ። እዚያ ሞቃት ከሆነ ልጁ ደህና ነው። ከተንቀጠቀጠ ግን ወዲያው አሙቂው፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከፈዘዘ ደግሞ እያሞቅሽ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ክሩን በተመለከተ ግን ኮስተር ብዬ እነግርሻለሁ። ሁለተኛ እንዳታደርጊው። አንጓ ላይ የታሰረ ክር ደም ያግዳል። ሁለቱን ጓንት አያይዞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክርም ሊያንቀው ይችላል። የእጅ ሥራ ጓንት ሲሆን ደግሞ ከማድረግሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው። ውስጡ የተፈታ ክር ካለ የልጅ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ሊያሳብጠው ይችላል፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም።

አሁን ወደ አማትሽ።

ልጅ የቀበረች እናት ብርድን እንደኔና እንዳንቺ አታይም። ያ ጓንት ለእሳቸው ጓንት ብቻ አይደለም። በየቀለበቱ ኪሮሹን ሲያስገቡ የት እንደነበሩ አስቢ። ልጅሽ አውልቆ ሲወረውረው የሚሰማቸው ፍርሃት ነው፤ አፋቸው ላይ ሲደርስ ቁጣ ይሆናል። «የድሬ ሰው» ያሉሽ አሳምሞሻል፣ ትክክልም አይደለም። ግን ከዚያ ቃል ጀርባ ያለው ከሰላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በፊት የሞተ ሕፃን ይመስለኛል።

አንድ ቀን ቡና ስታፈዪ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ጠይቂያቸው። «እማማ፣ ያ ልጅዎ ስሙ ማን ነበር?» በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ያውሩ። ካለቀሱ ይልቀሱ። ብዙ ቤት ውስጥ የሞተ ሕፃን ስም አይነሳም፤ «እግዜር የሰጠው፣ እግዜር የወሰደው» ተብሎ ይታለፋል። እናትየዋ ግን አላለፈችውም። ስሙን የጠየቃት ሰው ጋር ደግሞ በጓንት አትጣላም። ይህን የምልሽ ብዙ ቤተሰብ ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ስለ ሳንባ ምች የምታውቂውን አካፍያቸው። በሽታውን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው እንጂ የእጅ መቀዝቀዝ አይደለም። ዛሬ እሳቸው ያኔ ያላገኙት ነገር አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱን ዋና የሳንባ ምች ጀርም የሚከላከል ክትባት በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቷል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የልጅሽን የክትባት ካርድ አውጥተሽ አሳዪያቸው። በእጃቸው ይያዙት። ያልተወሰደ ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ።

ጉንፋን ሲይዘው እስትንፋሱን መቁጠርንም አሳዪያቸው። ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ እያለ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንደዚያው። ሁለቱም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳሉ። አማትሽ ንቁ ጠባቂ ናቸው። ዓይናቸውን ከእጁ ወደ ደረቱ እናዙርላቸው። እግረ መንገዴን፣ ጠዋት ክፍሉን ለማሞቅ በር ዘግታችሁ ከሰል የምታነዱ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። ጭሱ የልጅ ሳንባ ይጎዳል፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ደግሞ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል።

ባለቤትሽን በሚመለከት ብዙ አልልም። የሞተው ሕፃን የእሱም ወንድም ወይም እህት ነው፤ ዝምታው ምናልባት ከዚያ ቤት የተማረው ነው። «አቦ፣ አንተም ግባበት» በይው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ልጁን እሱ ያልብሰው።

ጓንቱ ራሱ መፍትሔ አለው። አማትሽን ጫፉን ክፍት አድርገው እንደገና እንዲሠሩት ለምኚያቸው። መዳፉንና አንጓውን ይሸፍን፣ ጣቶቹ ይውጡ። «እርስዎ ካልሠሩት ማን ይሠራዋል?» በያቸው፤ እውነትም ነው። እስከዚያ ያረጀ ካልሲ ጫፉን ቆርጠሽ፣ ለአውራ ጣት ቀዳዳ አበጅተሽ ሞክሪ።

ስታለብሺው ደግሞ «ጓንት ታደርጋለህ?» ብለሽ አትጠይቂው። መልሱን ታውቂዋለሽ። «ቀዩን ወይስ ሰማያዊውን?» በይው። ወይም መጀመሪያ እሱ አንቺን ያልብስሽ። አንድ ጣትሽን ብቻ አስገብተሽ «ውይ፣ ጣቶቼ የት ሄዱ?» በይ። ይስቃል፣ ከዚያ የራሱን እጅ ያመጣል። ሁሌም ይሠራል አልልሽም። ባልሠራ ቀን ጓንቱን ኪስሽ ከተሽ ውጪ። ሸዋ በር ሳትደርሱ ነፋሱ ጣቱን ሲነካው ራሱ ይዘረጋልሽ ይሆናል። ያኔ «አላልኩህም?» እንዳትይው። ዝም ብለሽ አልብሺው። ከረሜላ ግን አትስጪው፤ ነገ ያለ ከረሜላ እጁን አያወጣም።

ስለ መታሽው እጅ። ራስሽን እንደጠላሽ ጽፈሻል። ጥላቻው ለልጁ ምንም አይጠቅመውም፣ ይቅርታሽ ግን ይጠቅመዋል። ዛሬ ማታ ስታጥቢው ያንን እጅ ያዢ። «እማዬ እጅህን መታች። አመመህ። እማዬ ተሳሳተች፣ ይቅርታ።» ይህን ያህል በቂ ነው። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቃሉን ሁሉ ባይገባውም ድምፅሽን ይሰማል፣ እጁን የያዘው እጅ እንዳልተቆጣም ያውቃል። ንዴትሽ እንደገና ሲመጣ ጓንቱን አስቀምጠሽ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በይ። ባጃጁ ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

አማትሽ አዲሱን ጓንት ሲጀምሩ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጪው። የክሩን ቀለም ራሱ ይጠቁም፣ በጣቱ።