አልፈታ ያለ ብሎን

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ወዳጄ ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። አንድ ልጅ የአይሱዙ ጭስ ማኒፎልድ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) እየፈታ ነው። አራቱ ብሎን ወጥቶለታል፣ አምስተኛው እምቢ ብሎታል። ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ቱቦ ሰካና ሙሉ ክብደቱን ጫነበት። "አቦ ተወው፣ ትንሽ ይረፍ" አልኩት። "ዛሬ ካልፈታሁት ቤቴ አልገባም!" አለኝ። ወዲያው ቀጭ አለ። የብሎኑ ራስ ተቆርጦ ወደቀ፣ ልጁም ቱቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ፊቱን ሳየው ሆዴ ባባ። እኔም እዚያ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ድሬም ሆነ ሐረር ጋራዥ ከገባችሁ ገና ዓመት ሁለት ዓመት ለሆናችሁ ሁሉ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሞተር ስፈታ ኖሬአለሁ፤ በእኔ እጅም በሌላው እጅም ሲሰበር ካየሁት ብሎን አብዛኛው የተሰበረው በእልህ ነው። ባለመኪናው ከጎን ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ጓደኛ "ገና ነህ እንዴ?" ይላል፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ እና ሰው ከብረት ጋር ይጣላል።

መጀመሪያ ብሎኑ ለምን እንደነከሰ እወቁ። የእኛ አየር ደረቅ ነው፣ ዝገት ብዙም አያስቸግርም ትሉ ይሆናል። መኪናው ግን ጅቡቲ ወደብ ሲመላለስ የባሕር ጨው ሲጠጣ የከረመ ነው። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በብሎኑ ዙሪያ ባለው ጠመዝማዛ ጥርስ መሃል ገብቶ ያብጣል፣ እንደ ሽብልቅ ይወጥራል። ጭስ ማኒፎልድ ላይ ሲሆን ይብሳል፣ ምክንያቱም የደንገጎን ዳገት በጭነት ሲወጣ ይግላል፣ ቆሞ ሲያድር ይቀዘቅዛል፣ እንዲህ ሲል ዓመታት ያልፋሉ። አልሙኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ውስጥ የገባ የብረት ብሎን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ካገኙ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ይሆንና ብሎኑን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል።

እኔ ሙያውን የለመድኩት ከምድር ባቡር ወርክሾፕ በወጡ ሰዎች እጅ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም ከእሱ ጋር ነው የተቆረቆረችው፣ ስለዚህ ብረት የመፍታት ሙያ እዚህ የቆየ ነው። እነዚያ ሰዎች ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ብሎኑን በጣታቸው ይዳስሱት ነበር። ራሱ ተበልቷል? ጥርሱ በየት በኩል ይታያል? ወዴት ነው የሚፈታው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የማይረባ እንዳይመስላችሁ። ብዙ አሮጌ የጃፓን ጭነት መኪኖች ላይ የግራ ጎማ ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ቀለበት) የግራ ጥርስ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ጫፉ ላይ "ኤል" የምትል ፊደል ተመትታበታለች። ሳያይ ለግማሽ ቀን ሲያጠብቅ የዋለ ልጅ አውቃለሁ።

ከዚያ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዘይት አጠጡት። ደብሊው ዲ ፎርቲ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ናፍጣም ነጭ ጋዝም ከምንም ይሻላል። ዘይቱ ግን ሥራውን የሚሠራው በጊዜ ነው። ረጭቶ ወዲያው ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ብሎኑን አጠበው እንጂ አላጠጣውም። ማታ አጠጡት፣ ራሱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ቆርቁሩት፣ ጠዋት ድገሙት። መቆርቆሩ ዝገቱን ያነቃዋል፣ ዘይቱም መግቢያ ያገኛል። ባለመኪናው ነገ ይምጣ። "ነገ" ማለት አያሳፍርም፤ የተሰበረ ብሎን ማውጣት ነው አንድ ቀን ሙሉ የሚበላው።

ቁልፉ ባለስድስት ጎን ይሁን። ባለአሥራ ሁለቱ ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ ራሱን ያድቦለቡለዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይይዘውም። ደግሞ ወደ መፍታት ብቻ አትሳቡ። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቅ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ መፍታት፣ እንደገና መልሱት። ሩብ ዙር ከተገኘ መልሱና ዘይት ጨምሩ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም በቃል ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። አንጓችሁ ብሎኑን ይሰማዋል። ሊፈታ ያለ ብሎን ድርቅ ብሎ ይቆያል፣ ቆይቶ "ቋ!" ይላል፣ ያ ድምፅ ዝገቱ ሲለቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከባድም ቢሆን እኩል ይዞራል። ሊሰበር ያለው እንዲህ አይደለም። ለስለስ ይላል። እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ቁልፉ ይሄዳል፣ ግን ስትለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ማለት ራሱ ዞሯል፣ ጥርሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ መሃሉ እየተጠመዘዘ ነው። እዚያ ላይ እጃችሁን አንሱ። ቱቦ የምጠላው ለዚህ ነው፤ ቱቦ ጉልበት ይሰጣል፣ ይህን ስሜት ግን ይወስድባችኋል። ልጁ ያን ቀን ቱቦ ባይሰካ ኖሮ እጁ ይነግረው ነበር።

ዘይት እምቢ ካለ እሳት አለ። ዳዶ ከሆነ ዳዶውን አግሉት እንጂ ውስጡን አይደለም፤ ዳዶው ሲሰፋ ይለቃል። አልሙኒየም ውስጥ የገባ ከሆነ ዙሪያውን አልሙኒየሙን አሙቁ፣ በሙቀት የሚሰፋው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ እሱ ይከፈታል። ግን ተጠንቀቁ፣ አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። 660 ዲግሪ ሳይደርስ እንኳ መልኩን ሳይቀይር ይቀልጣል፣ ቴስታታውም በዚያው አበቃ። በእሳት ሥራ ጊዜ ቤንዚን የነካው ጨርቅ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የረጫችሁት ዘይት ሁሉ ይራቅ። ብሎኑ ነጭ ቅብ ያለው ከሆነ ጭሱን አትተንፍሱት፣ ዚንክ ነው፣ ማታ ትኩሳት ይዟችሁ ታድራላችሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። 17 ዓመቴ ነበር። የሐረር ታክሲ፣ ፔጆ 404፣ ገብቶልን የውሃ መውጫውን እፈታ ነበር። የ404 ቴስታታ አልሙኒየም ነው። ከሰዓት ነው፣ ድሬ ሁሉ በሩን ዘግቶ ያረፈበት ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ብሎኑ ተሰበረ። ላቤ ቀዘቀዘ። ማንም ሳያየኝ ቦታውን ማስቲሽ ቀባሁት፣ የተቆረጠውን ራስ እቦታው ለጠፍኩት፣ ሲያዩት ሙሉ ብሎን ይመስላል። ታክሲው ማታ ሐረር ሊሄድ ወጣ። ደንገጎ ላይ ውሃው አለቀ፣ ሞተሩ ጋለ፣ ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ፣ ቴስታታው ጠመመ።

በማግስቱ አለቃዬ ሲፈታው ያ ራስ ያለምንም ቁልፍ እጁ ላይ ወደቀ። አየው፣ አየኝ። አልጮኸም። "ብትነግረኝ በአንድ ሰዓት ነቅለን እናወጣው ነበር" አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ለባለታክሲው ከራሱ ኪስ ከፈለ። እኔ ቴስታታውን ተሸክሜ ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ። ያንን ገንዘብ መለስኩለት ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ እሱ ግን አልቀበልም ብሎ ነው የሞተው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ብሎን ሲሰበርባችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር አለቃችሁን መጥራት ነው። እናንተም ነገ አለቃ ስትሆኑ፣ የሰበረ ልጅ ላይ አትጩኹ፤ ከጮኻችሁ ቀጣዩን ይደብቅባችኋል።

ተሰብሮ ውስጥ የቀረውን ብሎን ስለማውጣት ባጭሩ። ከላይ የሚታይ ነገር ካለው ዳዶ ደፍታችሁ በየዱት። ሙቀቱም ያላቅቀዋል፣ ቁልፍ የሚይዘውም ያገኛል። ኤሌክትሪክ ብየዳ ከሆነ የባትሪውን ሽቦ አስቀድማችሁ ንቀሉ። ውስጥ ሰምጦ የቀረውን በትራፓኖ የምትበሱት ከሆነ ግማሹን ሥራ መሃሉን በማግኘት ላይ አውሉት፤ ፊቱን በሞረድ አስተካክሉ፣ መሃሉን በፑንታ (በሹል ምልክት ማድረጊያ ብረት) ምቱ፣ በቀጭኑ መብሻ ጀምሩ። ብሎን ማውጫ የሚባለውን ጠማማ መሣሪያ በጣም ተጠንቀቁት። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ትራፓኖ አይበሳውም። ከተጠራጠራችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ወደ ሳቢያን ልመለስ። የዚያ ልጅ ብሎን ግማሽ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ነበር። ማታውን ዘይት አጠጥተነው አደረ። ጠዋት መጣሁ፣ ባትሪውን ነቀለ፣ ዘይቱን በደንብ ጠረገ፣ ዳዶ ደፍተን በየድነው። ቁልፉን ወዲያው ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቅን። ሻማ አስነካነው፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ገባ። "አሁን፣ ያለ ቱቦ" አልኩት። ወደ ማጥበቅ ነካ አደረገው፣ ወደ መፍታት ሳበው፣ መለሰው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲስበው "ቋ!" አለ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት። አዲሱን ብሎን የመዳብ ግራሶ እየቀባ እያለ "ግራሶ የነካውን እንደ ደረቁ አታጥብቀው፣ ይበልጥ ይወጠራል" አልኩትና ሻዬን ልጨርስ ወደ በሩ ተመለስኩ።