የገና ካርዱን ቁጥቋጦ ከመፈለግሽ በፊት አጋም ትከዪ

ሰላም እህቴ። የገና ካርድ ላይ የሚሳለው እሾሃም ቅጠልና ቀይ ፍሬ ያለው ሆሊ ጎንደር ይበቅልልኛል ወይ፣ ወፎችስ ይመጡበታል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ባልሞክረው ነው የምልሽ። ሆሊ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት፣ እሷም ወንዱ አቅራቢያዋ ካለ ነው። እድገቱ አዝጋሚ ነው፣ እርጥበት ይወዳል። የኛን በጋ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ክረምቱ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅሽ እሱን ማጠጣት ይከብዳል። ከሁሉም በላይ ፍሬው ለሰው መርዝ ነው፣ አንቺ ደግሞ ትንንሽ ልጆች አሉኝ ብለሻል።

የምትፈልጊው ሁሉ አጋም ላይ አለ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ እሾሁ አጥር ይሆናል፣ ነጭ አበባው ማታ ማታ ግቢውን ያውደዋል። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፣ ያኔ ልጆችም ይበሉታል። እኔ አጥሬ ሥር ከተከልኩት በኋላ እነዚያ ጭራቸው ረጅም የሆነ አመድማ ወፎች በመንጋ እየመጡ ከጠዋት ጀምሮ ይለቅሙታል፤ እሾሁ ውስጥ ጎጆ የሠሩም አሉ፣ ድመት አይደርስባቸውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ጫፍ ነው። አንድ ዓመት አጥሩ እንዲያምር ብዬ ዙሪያውን በመቀስ እኩል አድርጌ ከረከምኩት፣ በዚያ ዓመት አበባም ፍሬም ሳላይ ቀረሁ፣ ወፎቹም ጠፉ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን ፍሬው ተለቅሞ ሳያልቅ አልነካውም፤ ያኔም አንዱን ጎን ብቻ ቆርጬ ሌላውን ለከርሞ እተወዋለሁ። ስትቆርጪው ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ዓይንሽን እንዳይነካሽ።

ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ከመተላለፊያና ከልብስ ማስጫው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቂው። ዘሩን ከበሰለ ፍሬ አውጥተሽ፣ አጥበሽ፣ ሳይደርቅ በፕላስቲክ ከረጢት ዝሪው። ችግኙን ሰኔ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ትከዪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይበቃዋል፣ እኔ እንደዚያ ነው ያሳደግኩት። ፍየል ለጋውን ስለምትወደው እስኪጠነክር ዙሪያውን እሾህ ጣይበት።

አዘዞ በኩል ብቅ ካልሽ አራት አምስት ችግኝ አለኝ፣ መጥተሽ ውሰጂ።